ባለ ጃንጥላው እና የኮሌታው ልክ

ሥራዬ መለጠፍ ነው። ይህን ስል ሰው ሁሉ በየግድግዳው ማስታወቂያ የምለጥፍ ይመስለዋል። እኔ የምለጥፈው የደረቀ ተክል ነው። ተመራማሪዎቹ ከገደልና ከጫካ ነቅለው፣ በጋዜጣ መሀል ጨፍልቀው አድርቀው ያመጡታል። እኔ ደግሞ በወፍራም ነጭ ወረቀት ላይ አስተኝቼ በሙጫና በቀጫጭን የወረቀት ማሰሪያ አጣብቀዋለሁ። ከዚያ ብረት ቁም ሳጥን ውስጥ ይገባና እኛ ሁላችን ካለፍን በኋላም እዚያው ይኖራል። እዚህ ቤት ሃያ ሰባት ዓመት ሠርቻለሁ። ልጆቹ እትዬ ሙጫ ይሉኛል። ፊት ለፊት ስለሚሉኝ ቅር አይለኝም፤ ከጀርባዬ የሚሉኝን እነሱ ያውቃሉ።

ቤታችን ሁለት ጥብቅ ሕጎች አሉት። አንደኛው፣ ወደ ናሙናዎቹ ክፍል የሚገባ ማንኛውም ቅጠል ወይም ወረቀት መጀመሪያ ሰባት ቀን ትልቁ ማቀዝቀዣ ውስጥ ይከርማል፤ ነቀዝና ብል ይዞ እንዳይገባብን። ሁለተኛው፣ ቀይ አቃፊ ከክፍሉ አይወጣም። አንድ ተክል መጀመሪያ ስም ሲወጣለት ስሙ የተሰጠው አንድን ናሙና መሠረት አድርጎ ነው። ያ ናሙና ቀይ አቃፊ ውስጥ ይቀመጣል። ክርክር ሲነሣ ሁሉም መጥቶ የሚያየው እሱን ነው፤ እሱ ከተበላሸ ስሙም አብሮ ይወድቃል።

ከቀዮቹ አቃፊዎች ሁሉ አብልጬ የምወደው አንድ ነበረኝ። አብልጬ የምፈራውም እሱኑ ነበር።

የባለ ጃንጥላው አቃፊ ነው። ሰውየው ከመቶ ሠላሳ ዓመት በፊት በእግሩ ተራራ ለተራራ እየዞረ ተክል የሰበሰበ መንገደኛ ነበር። ፎቶው ኮሪደራችን ላይ ተሰቅሏል፤ ፀሐይም ዝናብም በሌለበት፣ ጥቁር ጃንጥላ ዘርግቶ ኮስተር ብሎ ቆሟል። ለምን እንደዘረጋው የሚያውቅ የለም። አራት ዓመት ለፍቶ ስድስት መቶ ተክል ሰበሰበ፤ ሊመለስ ሲል መንገድ ላይ ንዳድ ይዞት ሞተ። ልጅ አልነበረው፣ መቃብሩም አይታወቅም። ሌሎቹ አሳሾች ስማቸው የሚጠራበት ሃያ ሠላሳ ተክል አላቸው። የእሱ ስም የተሰጣት በአለት ስንጥቅ የምትበቅል አንዲት ከሲታ ተክል ብቻ ናት። እሷንም ከእሱ በኋላ ያገኛት ሰው የለም። በዓለም ላይ ያለችው አንድ ወረቀት ላይ፣ እኛ ዘንድ፣ ቀይ አቃፊ ውስጥ ናት። ቁጥሯ ሁለት መቶ አሥራ አራት።

ባለፈው ወር አንዲት ወጣት ዶክተር ከሌላ ተቋም መጣች። ባለ ጃንጥላው ተክሏን ወዳገኘበት ገደል ሰዎች ይዛ ልትሄድና ልትፈልጋት አስባለች። ጎበዝ ልጅ ናት፤ ነገር ግን ያየችውን ሳትጠይቅ የማታልፍ፣ ዐይኗ እንደ መርፌ የሚወጋ። በሦስተኛው ቀን ማጉያ መነጽሯ ላይ እንዳቀረቀረች ጠራችኝ።

«እትዬ፣ እስቲ ይችን ይዩልኝ። አልዋጥልኝ አለ።»

«ምኑ ነው ያልተዋጠልሽ?»

«ቅጠሏ የአንድ ወገን ነው፣ አበባዋ የሌላ ወገን። በአንድ ግንድ ላይ አብረው ታይተው አያውቁም፤ እኔም አላየሁም። የሰየማት ሰው ስለ አበባዋ የጻፈው "ትንሽ ናት" ብሎ ብቻ ነው። ምናልባት ይቺ አበባ ከሌላ ተክል መጥታ የተለጠፈች ትሆን?»

ሃያ ሰባት ዓመት ስሸሸው የኖርኩት ጥያቄ ነው፤ እነሆ ወንበር ስቦ ፊቴ ተቀመጠ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሥራ በጀመርኩ በሦስተኛው ወር፣ ገና የሙከራ ጊዜዬን ሳልጨርስ፣ ጣሪያው አፈሰሰና አንድ ቁም ሳጥን ራሰ። የዚያን ጊዜዋ አለቃዬ የሻገቱትን አርባ ወረቀቶች አምጥታ ጠረጴዛዬ ላይ ቆለለችና «ተክሎቹን አላቅቀሽ አዲስ ወረቀት ላይ አዛውሪ፤ አሮጌውን አቃጥዪ» አለችኝ። የባለ ጃንጥላው ሁለት ወረቀቶች፣ 214 እና 215፣ ጎን ለጎን ተዘርግተው ነበር። 215 በየመንገዱ ዳር የምትገኝ ተራ ተክል ናት። ሁለቱንም ከአሮጌው ወረቀት አላቅቄ ጨርሻለሁ። በዚህ መሀል አንዱ በሩን በርግዶ ገባ። ነፋስ ጠረጴዛውን ጠረገው። ሁሉንም በእጄና በክንዴ ከደንኩት፤ ተንበርክኬ ስፈልግ ግን መሬት ላይ አንዲት አበባ አገኘሁ። የደረቀ አበባ ሁሉ ቡናማ ነው፤ ከየትኛዋ እንደወደቀች በምን ልወቅ? የ214 ግንድ ጫፉ ባዶ መሰለኝ። እዚያ ላይ ለጠፍኳትና ወረቀቱን ወደ አቃፊው መለስኩ።

ለአለቃዬ አልነገርኳትም። የሦስት ወር ሠራተኛ ነበርኩ፤ ትንሽ ልጅ ነበረችኝ፤ ፈራሁ። በሚቀጥለው ሳምንት እነግራታለሁ አልኩ። በሚቀጥለው ሳምንት ደግሞ የዘገየሁበትን ምክንያት መናገር ሊጨመርብኝ ሆነ። እንዲህ እንዲህ እያለ አለቃዬ ጡረታ ወጣች፣ ከዚያም አረፈች። እኔም በኮሪደሩ ባለፍኩ ቁጥር ከባለ ጃንጥላው ፎቶ ዐይኔን ማሸሽ ልማዴ ሆነ። ሰው ቢሰማኝ ይስቅብኛል እንጂ ሰውየው የሚያውቅብኝ ይመስለኝ ነበር።

አሁን ጡረታ ልወጣ የቀረኝ ስድስት ሳምንት ነው። ዝም ብል ማንም አያውቅም ነበር። ዶክተሯ ጥርጣሬዋን ትጽፋለች፣ የባለ ጃንጥላው ስም ይሰረዛል፣ የገደሉ ጉዞ ይቀራል፣ እኔ ኬክ ተቆርሶልኝ እሸኛለሁ። ልጅቷ ግን «አዝናለሁ እትዬ፣ ሰውየው አንድ ተክል ነበረችው» ስትል አንጀቴን በላችው።

«ቆይ ልጄ» አልኳት። «አበባዋን የለጠፍኳት እኔ ነኝ። የእሷ መሆኗን አላውቅም።»

ኃላፊያችን ተጠራ። ማኅተም እንለዋለን፤ ያለ ማኅተም ውሃ አይጠጣም። ሲቀጠር ሙጫ አያያዝ ያሳየሁት እኔ ነኝ፤ ስለዚህ ሊቆጣኝም ከበደው፣ ሊተወኝም አልቻለም። ቆሞ እስከ መጨረሻው ሰማኝ። ፊቱ ቅጭም እንዳለ ነው።

«እትዬ፣ ያን ጊዜ ያዛወሯቸው ስንት ናቸው?»

«አርባ።»

«እንግዲህ አርባዎቹም ላይ "አጠራጣሪ" የሚል ማኅተም ይመታል። ምን ላድርግ? አንዷን ካላወቅን ሌላዋን በምን እናምናለን?»

ዶክተሯ ከአበባዋ ትንሽ ቆርጣ በላቦራቶሪ ልትመረምር ጠየቀች። ማኅተም እጁን አወናጨፈ። «ያለችን አንድ አበባ ናት፤ እሷንም ፈጭተን ምን ልናስቀምጥ ነው?» ከዚያ ወደ እኔ ዞሮ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ዛሬ ቤትዎ ሄደው አረፍ ይበሉ።»

አረፍ ይበሉ ማለት ከፊቴ ዞር ይበሉ ማለት እንደሆነ አውቃለሁ። የሃያ ሰባት ዓመት ሥራዬ በአንድ ከሰዓት «አጠራጣሪ» ሆነ። አውቶቡስ ውስጥ አንዲት ሴትዮ ወንበር ለቀቀችልኝ፤ ፊቴን ዐይታ መሆን አለበት።

ባለቤቴ ልብስ ሰፊ ነው። ቤታችን ፊት ለፊቱ ሱቅ፣ ጀርባው መኖሪያ ነው። ስገባ ሜትሩን አንገቱ ላይ ጥሎ፣ ሰማያዊ ጨርቅ ጠረጴዛው ላይ ዘርግቶ በኖራ ያሰምራል። ለልጃችን ልጅ የመጀመሪያ የትምህርት ቤት ዩኒፎርሟን እየሰፋላት ነው።

«ዛሬ በዘጠኝ ሰዓት? ተባረርሽ እንዴ?» አለኝ፤ ቀልዱን ነው።

አለቀስኩ። እሱ እኔ ሳለቅስ የሚገባበት ይጠፋዋል፤ መቀሱን አስቀመጠ፣ መልሶ አነሣው፣ እንደገና አስቀመጠው። ሁሉንም ነገርኩት።

«ሃያ ሰባት ዓመት!» አለ። «የሰበርሻትን ብርጭቆ እንኳ ሳይመሽ የምትነግሪኝ ሴትዮ! እንዴት ቻልሽው?»

«አልቻልኩትም። ዝም ነው ያልኩት።»

«ታዲያ ያ አሮጌው ወረቀት ቢኖር ምልክት አይገኝበትም ነበር?»

«በማን ቤት ይገኛል? አቃጥዪ ተብዬ...»

ይህን ስናገር እጁ ላይ ያለውን አየሁት። ለልብሱ መቁረጫ የሚሆነውን የኮሌታ ልክ ይዟል፤ ልብስ ሰፊ ጨርቁን ከመቁረጡ በፊት በወረቀት ቆርጦ የሚያዘጋጀውን ማለቴ ነው። ወፍራም፣ ዳር ዳሩ የሻገተ ወረቀት። መሀሉ ላይ ቡናማ ነገር አለ፤ ሁልጊዜ የካውያ ቃጠሎ ይመስለኝ ነበር።

አላቃጠልኩትም ነበር! እንዲያ ያለ ወፍራም ወረቀት እሳት ውስጥ መክተት አላስችል ብሎኝ፣ ቢኖር ለባለቤቴ ልክ መቁረጫ ይሆናል ብዬ ጠቅልዬ አምጥቼ ሰጥቼዋለሁ። ከዚያም ከአበባዋ ጣጣ ጋር አንድ ላይ ከአእምሮዬ አስወጥቼዋለሁ። ሁለቱንም ማስታወስ አልፈለግሁም መሰለኝ።

«አምጣው!» ብዬ ነጠቅኩት።

«ኧረ ቀስ! የልጃችን የመጀመሪያ ዩኒፎርም ኮሌታ ልክ ነው፤ ለልጇም በሱ ልቆርጥላት ነው።»

ወደ መስኮቱ አስጠጋሁት። የደረቀ ተክል አንድ ወረቀት ላይ መቶ ዓመት ሲተኛ ጥላውን እንደሚተው በሙያዬ አውቃለሁ፤ ዘይቱና እርጥበቱ ወረቀቱን ያጠቁረዋል፤ ተክሉ ተነሥቶ ሲሄድ መልኩ እዚያው ይቀራል። የካውያ ቃጠሎ አልነበረም። ቅጠል ነው፤ ጠርዙ እንደ መጋዝ የተሸራረፈ፣ የ214 ቅጠል። የወረቀቱ ጥግ ላይ በእርሳስ «21» ይላል። ሦስተኛው አኀዝ በመቀስ ተቆርጧል። ግንዱ ወደ ላይ ይወጣና ልክ አበባ ሊኖርበት የሚገባው ቦታ ላይ ሲደርስ ኮሌታው ያልቃል።

«የቀረው የት አለ? ምን ቆረጥክበት?»

«እኔ ምን አውቄ! ከዛሬ ሃያ ሰባት ዓመት በፊት የቆረጥኩትን!»

ሆኖም ልብስ ሰፊ ልክ አይጥልም። ግድግዳው ላይ ባለው ሚስማር የተንጠለጠሉትን ጥቅሎች አወረደ፤ እጅጌ፣ ወገብ፣ ትከሻ፣ ኪስ፣ የሞቱ ሰዎች ሱሪ ሳይቀር። መሬት ላይ ተቀምጠን አንድ በአንድ ፈታናቸው። ጥላ ያለበት ብዙ ነው፤ አንዱ እጅጌ ላይ የሣር ዘለላ፣ አንዱ ወገብ ላይ የሐረግ ጥምዝ። እኔ እያየሁ «አይደለም፣ አይደለም» እላለሁ። መጨረሻ ላይ ባለቤቴ አንዲት ትንሽ የደረት ኪስ ልክ አነሣና ከኮሌታው ጋር አጋጠማት። መቀሱ የሄደበት መስመር ልክ ገጠመ። ግንዱ ቀጠለ። ጥጉ ላይ «4» ብቅ አለ። ጫፉ ላይ ደግሞ አንዲት ትንሽ ክብ ጥላ ነበረች።

«ይቺ ናት?» አለኝ።

«አበባ መሆኗን አያለሁ። የኔዋ መሆኗን የማውቀው ነገ ነው።»

በማግስቱ ጠዋት ሁለቱን ቁራጮች በሁለት ካርቶን መሀል አድርገን ወጣን። ባለቤቴ «ልኬን ለሰው አልሰጥም» ብሎ አብሮኝ መጣ፤ ሱፉን ለብሶ። ናሙናዎቹ ክፍል በር ላይ ማኅተም እጁን ዘርግቶ አስቆመን።

«ይሄ ወረቀት ሰባት ቀን ማቀዝቀዣ ሳይገባ አይገባም።»

«እንግዲያው ቀዩን አቃፊ ወደዚህ አውጣው» አለ ባለቤቴ።

«ቀይ አቃፊ አይወጣም።»

ባለቤቴ አየኝ። «እናንተ ሰዎች ቤታችሁ ውስጥ ጤነኛ አለ?»

ሕጉን ያስተማርኩት እኔ ነኝ፤ ምን ልበል? ሰባት ቀን ጠብቂ ብባል ግን ልቤ የሚችል አልመሰለኝም። መላውን ያመጣችው ዶክተሯ ናት። ስስ ብርሃን አሳላፊ ላስቲክ አወጣች፤ ውስጥ ገብታ 214 ላይ አስተኛችውና አበባዋን፣ ግንዷንና ቅጠሏን በጥቁር እስክሪብቶ ተከትላ ሣለች። ትንፋሿን ይዛ እንደምትሠራ በመስታወቱ በር አየኋት። አበባዋ አምስት መልካበባ፣ የአበባ ቅጠል ማለቴ ነው፣ ሊኖራት ሲገባ ያላት አራት ተኩል ነው፤ አምስተኛውን ነፍሳት በልተውታል። የዚያን ከፊል ቅርጽ ሳይቀር ሣለችው።

ከዚያ ላስቲኩን ይዛ ወደ በሩ መጣች። ባለቤቴ ኮሌታውንና ኪሱን ደፉ ላይ፣ ካርቶኑ ላይ ገጣጥሞ ያዘ። እኔ ማየት ስላቃተኝ ወደ ግድግዳው ዞርኩ።

ላስቲኩ ወረቀቱ ላይ ሲያርፍ ሰማሁ።

«እትዬ» አለች ዶክተሯ።

«አልገጠመም?»

«ይዙሩና ይዩ።»

ዞርኩ። ቅጠሉ በቅጠሉ ጥላ ላይ ተኝቷል። ግንዱ በግንዱ ላይ። ጫፉ ላይ፣ ኪሱ መሀል ላይ፣ አበባዋ ጥላዋ ላይ አርፋለች፤ አራት መልካበባ፣ አምስተኛዋ ግማሽ፣ የተበላችውም በዚያው በኩል፣ በዚያው ልክ። ባለ ጃንጥላው ጨፍልቆ ካደረቃት ጊዜ ጀምሮ ግንዷ ላይ ነበረች። ነፋሱ ጣላት፣ እኔ መለስኳት፤ ሌላ የሆነ ነገር የለም። ሃያ ሰባት ዓመት የፈራሁት ጥፋት አልተፈጸመም።

«እፎይ» የምትለዋን ቃል በሕይወቴ ሙሉ እንዲሁ ስላት ኖሬያለሁ። የዚያን ጠዋት ነው የተነፈስኳት። ከእግሬ ጣት ጀምሮ ወጣች። ደፉ ላይ ቁጭ ብዬ ሳቅሁ፤ ሳቄ ወዲያው ለቅሶ ሆነ፤ ባለቤቴ እጁ በወረቀት ስለተያዘ በክርኑ ትከሻዬን መታ መታ አደረገኝ።

«በቃ፣ በቃ። የኔን ልክ በእንባ እንዳታበላሺው።»

ዶክተሯ ለራሷ «በአንድ ግንድ ላይ...» ትላለች፣ ፊቷ በርቷል። «እንዲህ ያለ ቅጠልና እንዲህ ያለ አበባ አብሮ ያለው ተክል በሌላ ቦታ የለም ማለት ነው። እትዬ፣ እሄዳለሁ። ገደሉን ድንጋይ በድንጋይ አየዋለሁ።»

ማኅተም ለረጅም ጊዜ ጎንበስ ብሎ አየ። ከዚያ «አጠራጣሪ» የሚለውን ማኅተም ከኪሱ አውጥቶ፣ አዎ፣ ከኪሱ፣ በሩ አጠገብ ያለው ጠረጴዛ መሳቢያ ውስጥ ከተተው። «እትዬ፣ አሮጌውን ወረቀት አቃጥዪ ተብለው ነበር አይደል?»

«ተብዬ ነበር።»

«ትእዛዝ አለመፈጸም ነው» አለና ከንፈሩን ነክሶ ሳቁን ዋጠው። «የቀሩት ልኮችስ? እጅጌዎቹ? ሱሪዎቹ?»

«ሁሉም ሚስማር ላይ ናቸው» አለ ባለቤቴ። «ግን በነጻ አይገኙም። ለእያንዳንዱ ልክ በልኩ አዲስ ወረቀት ትሰጡኛላችሁ። የልጅ ልጄ ሰኞ ትምህርት ትጀምራለች፤ ኮሌታዋ አልተቆረጠም።»

ዶክተሯ ከኛው የመለጠፊያ ወረቀት አንድ አምጥታ ኮሌታውን ደፉ ላይ ዙሪያውን ሥላ ገለበጠችለት። ባለቤቴ በጣቱ ወረቀቱን ዳሰሰና «ይሄም መቶ ዓመት ይቆያል» አለ፤ እንደ ዕቃው ዐዋቂ።

ቁራጮቹ ሰባት ቀናቸውን ማቀዝቀዣ ውስጥ ጨረሱ። ሲወጡ ማኅተም የመግቢያ ቅጹን ይዞ ጠረጴዛዬ አጠገብ ተቀመጠ። «የተገኘበት ቦታ» የሚለው ላይ ሲደርስ ብዕሩ ቆመ። ኋላ ላይ በዚያ ቀጥ ባለ ጽሕፈቱ «ልብስ ሰፊ ቤት፣ ሚስማር ላይ» ብሎ ጻፈና ማኅተሙን መታበት። እኔም ኮሌታውንና ኪሱን አዲስ ወረቀት ላይ አጋጥሜ ለጠፍኳቸው። ቀዩ አቃፊ ውስጥ ከባለ ጃንጥላው አበባ ጎን አስገባኋቸው።

ወደ ቤቴ ስወጣ በኮሪደሩ አለፍኩ። ፎቶው ፊት ቆምኩና፣ ሥራ ከጀመርኩ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ፣ ቀና ብዬ ዐይኑን አየሁት። ኮስተር እንዳለ ነው፤ ጃንጥላውም እንደተዘረጋ።

«እጠፈው አሁን» አልኩት። «ዝናብ የለም።»